ስለ ዋልያዎቹ የሚባለውና የተመዘገበው

ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድኑ፣ ማለትም ዋልያዎቹ፣ በተነሱ ቁጥር በላሊበላ ቡና ቤቶችም ሆነ በወልድያ ጎዳናዎች ክርክሩ ከሦስት ነገር አይርቅም፤ በ2006 ዓ.ም. ከናይጄሪያ ጋር የተደረገው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደርሶ መልስ፣ የአሰልጣኞች ውሳኔና የቀድሞ ኮከቦች። ከመደጋገም ብዛት እንደ ታሪክ የተቆጠሩ እምነቶችም አብረው ይነሳሉ። አብዛኞቹ ትልቁን ውጤት ለአንድ ምክንያት ብቻ ይሰጣሉ፤ ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ካርድ ወይም ለደጋው አየር። ስድስቱ እነሆ ከግጥሚያዎቹ መዝገብ ጋር። ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

1. ተረት፦ የ1954ቱ የአፍሪካ ዋንጫ አራት አገሮች ብቻ ስለተካፈሉበት በቀላሉ የተገኘ ነው።

እውነታ፦ አዲስ አበባ ላይ የተጫወቱት አራት ብቻ መሆናቸው እውነት ነው፤ ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ቱኒዚያና ዩጋንዳ። ይሁን እንጂ በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ የተጀመረው በዚያ ውድድር ነው። አዘጋጇ ኢትዮጵያና የዋንጫው ባለቤት ግብፅ በቀጥታ ሲያልፉ ሁለቱ በማጣሪያ መጡ። ግብፅ ከዚያ በፊት የተካሄዱትን ሁለቱንም ዋንጫዎች የወሰደች ናት፤ በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በፍጻሜው ኢትዮጵያን 4 ለ 0 የረታችውም እሷው ነበረች።

ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። በፍጻሜው፣ ጥር 13 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ ማግስት፣ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ አደረገች። ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ ሉቺያኖ ቫሳሎ ያስቆጠረው መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉና ጨዋታው 4 ለ 2 ተፈጸመ።

2. ተረት፦ ያንን ዋንጫ ያመጣው መንግሥቱ ወርቁ ብቻውን ነው።

እውነታ፦ የጎንደሩ ተወላጅ መንግሥቱ በአፍሪካ ዋንጫ መድረኮች በድምሩ 10 ግብ ያስቆጠረ፣ በ1954ቱም ውድድር በ3 ግብ ከግብፁ ባዳዊ ጋር የኮከብ ግብ አግቢነቱን የተጋራ ታላቅ አጥቂ ነው። የቡድኑ አምበል ግን አስመራ የተወለደው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተቀበለውም እሱ ነው። ቡድኑን ያሰለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ ኋላ ከ1964 እስከ 1979 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ኢትዮጵያ በፍጻሜው ካስቆጠረቻቸው አራት ግቦች የመንግሥቱ አንዷ፣ የመጨረሻዋ ናት።

3. ተረት፦ ታላቅ ተጫዋች የነበረ ሰው ታላቅ አሰልጣኝ ይሆናል።

እውነታ፦ የይድነቃቸው ታሪክ ይህን የሚደግፍ ይመስላል፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማሊያ ስም ያተረፉ ተጫዋች ነበሩና። የመንግሥቱ ታሪክ ግን ሌላ ገጽ አለው። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ በእሱ የሚሰለጥነው ቡድን በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፎ ከአልጄሪያ ጋር ያለ ግብ ተለያየ። በመድረኩ አሥር ጊዜ መረብ ያገኘው ሰው ያሰለጠነው ቡድን አንድም ግብ ሳያስቆጥር ተመለሰ። ይህም ቢሆን አሰልጣኙን ደካማ አያሰኝም፤ ኢትዮጵያ ዳግመኛ ለዚያ ውድድር የበቃችው ከ31 ዓመት በኋላ ነውና ቡድኑን እዚያ ማድረስ ራሱ ትልቅ ሥራ ነበር። ግብ የማግባትና ቡድን የመምራት ችሎታ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ዋስ አይሆንም።

4. ተረት፦ በደጋ ሜዳ ኢትዮጵያን የሚያሸንፋት የለም።

እውነታ፦ ይህ እምነት በላስታ ሰው ዘንድ ቢጠነክር አይገርምም። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በአቅራቢያዋ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። ፊፋ በ1999 ዓ.ም. ከ2,500 ሜትር በላይ ዓለም አቀፍ ግጥሚያ እንዳይደረግ ሲያግድ መስመሩ ያረፈው የላሊበላ ከፍታ ግድም ላይ ነበር። እገዳው በዓመቱ ተነስቷል።

ከፍታ በእርግጥ ይከብዳል። በደጋ አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ቆላው 21 በመቶ ነው፤ የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በ2,500 ሜትር ላይ ሳንባ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ተጫዋች ከአንድ ሩጫ በኋላ ለሌላው ለመዘጋጀት ይዘገያል፤ አየሩ ስለሚሳሳም የተመታ ኳስ ከለመደው አልፎ ይሄዳል። ሰውነቱ በደንብ እስኪለምድ ሳምንታት ይፈጃል።

የደገኛው ደም ወፍራም ስለሆነ ነው የሚለው ማብራሪያ ግን አይሠራም። በ1995 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ በደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ ሄሞግሎቢን ከባሕር ዳርቻ ነዋሪዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። በከፍታ ምክንያት ሄሞግሎቢናቸው በጣም የሚጨምረው የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ሰዎች ናቸው።

የሜዳው መዝገብ ደግሞ ከእምነቱ ጋር አይስማማም። ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. ዳግመኛ አዘጋጅታ በመጀመሪያው አራተኛ ወጣች፤ በሁለተኛው ከምድቧ አላለፈችም። ናይጄሪያም በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አሸንፋ ሄዳለች። በአንጻሩ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 የረቱት 1,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት የማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው። የአገር ውስጥ ስታዲየሞች የኮንፌዴሬሽኑን መስፈርት ባለማሟላታቸው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው የወልድያው ስታዲየም ጭምር፣ የሜዳቸውን ጨዋታ በሰው አገር ለማድረግ ተገደው ነበር።

5. ተረት፦ ኢትዮጵያን ከ2006ቱ የዓለም ዋንጫ ያስቀራት የቢጫ ካርዱ ስህተት ነው።

እውነታ፦ ስህተቱ የተፈጸመው ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ቀደም ሲል ሁለት ቢጫ ካርድ ያየው አማካይ ምንያህል ተሾመ ቅጣት ላይ እያለ በቦትስዋና ሜዳ ተሰለፈ፤ 2 ለ 1 የተገኘው ድል በፎርፌ ለቦትስዋና ተሰጠ። ባይሆን ኖሮ ሰኔ 9 ቀን ደቡብ አፍሪካ 2 ለ 1 በተሸነፈችበት ምሽት የምድቡ አሸናፊነት ይረጋገጥ ነበር። የጠፋው ሦስት ነጥብ ዋልያዎቹን ብራዛቪል ድረስ ወስዶ ማዕከላዊ አፍሪካን እንዲያሸንፉ አስገደዳቸው፤ 2 ለ 1 አሸንፈውም በ13 ነጥብ ምድቡን መሩ። ደቡብ አፍሪካ 11 ነበራት። ስህተቱ ጭንቀት አመጣ እንጂ በር አልዘጋም።

በሩ የተዘጋው ከናይጄሪያ ጋር በተደረገው ደርሶ መልስ ነው። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ቀድሞ አገባ፤ ናይጄሪያዊው ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገና በ90ኛው ደቂቃ በፍፁም ቅጣት ምት ደገመ። በጊዜው ሕግ ድምሩ እኩል ሲሆን ከሜዳ ውጭ የገባ ግብ ብልጫ ይሰጥ ስለነበር፣ ጨዋታው 1 ለ 1 ቢያልቅ በመልሱ ጨዋታ ካላባር ላይ 2 ለ 2 መለያየት ለኢትዮጵያ ይበቃት ነበር። ከ90ኛው ደቂቃ በኋላ ግን ማሸነፍ ግድ ሆነ፤ ኅዳር 7 ቀን ናይጄሪያ 2 ለ 0 ረታች።

የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻውን አሰላለፍ የሚተች ሁሉ የግቦቹን ዓይነት መቁጠር አለበት። በጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ባዘጋጀችው የአፍሪካ ዋንጫ ከተደረገው የ2 ለ 0 ጨዋታ ጋር ናይጄሪያ በሦስት ግጥሚያዎች ስድስት ግብ አስቆጥራለች። አራቱ ፍፁም ቅጣት ምቶች ናቸው፤ አንዱ በቀጥታ የተመታ ቅጣት ምት ነው። በክፍት ጨዋታ የተቆጠረው አንድ ብቻ ነው። ቡድኑን ይበልጥ ያስከፈለው በራሱ ክልል ውስጥና አፋፍ ላይ የሠራው ጥፋት ነው።

6. ተረት፦ የአገር ልጅ አሰልጣኝ ቡድኑን የትም አያደርስም።

እውነታ፦ በ1954 ይድነቃቸው፣ በ1974 መንግሥቱ፣ በ2005 ሰውነት፣ በ2014 ዓ.ም. ውበቱ አባተ በአፍሪካ ዋንጫ ቡድኑን መርተዋል፤ አራቱም ኢትዮጵያውያን ናቸው። ከሰውነት በኋላ የተቀጠሩት ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ለቀጣዩ ዋንጫ አላበቁትም።

ይህ ግን የውጭ አሰልጣኝ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ከይድነቃቸው በኋላ ሦስቱ በመድረኩ ላይ ያመጡት ውጤት አንድ ዓይነት ነበርና። በ1974፣ በ2005 እና በ2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ በየምድባቸው አንድ ጊዜ አቻ ወጥተው ሁለት ጊዜ ተሸንፈዋል። ለውጡ የታየው በግብ ላይ ነው፤ በሊቢያ ምንም፣ በደቡብ አፍሪካ አንድ፣ በካሜሩን ሁለት።