የድንጋይ ሽበት

ከአጣዬ ወደ ከሚሴ ስንጓዝ በደሴ መንገድ ላይ ካራቆሬን እናገኛለን። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ወር አካባቢውን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ጎረቤቷን ማጀቴን እንዳልነበረች አድርጓታል፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት ፈርሷል፤ ከገደሉ የተናደው ድንጋይ አውራ ጎዳናውን ጎድቶታል። ጉዳዩን አጥንተው የጻፉልን በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሠረቱት ፒየር ጉዋን ናቸው።

ውድ አንባቢያን፣ በእንዲህ ያለ ገደል ሥር የተኛ ቋጥኝ መቼ እንደ ወደቀ በምን ይታወቃል? አዛውንት ካሉ ይጠየቃሉ። ከሌሉ ግን ሽበቱን ማየት ነው።

የድንጋይ ሽበት የምንለው፣ ሳይንሱ ላይከን የሚለው፣ አንድ ተክል አይደለም። ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ጎጆ ነው፤ አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ያበስላል፣ ፈንገሱ ቤቱን ይሠራል። ከድንጋይ ወይም ከዛፍ ልጥ ጋር ተጣብቆ በቢላ እንኳ ሳይሰበር የማይነሣው ዓይነት ቅርፊታማ ይባላል። በግራር ወይም በዋንዛ ላይ ሲያዩት «ዛፉን ሊያደርቀው ነው» ብለው የሚፍቁት አሉ፤ በከንቱ ነው፤ ከዛፉ ምግብ አይወስድም።

ለመለየት አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ይበቃል። መጀመሪያ ጠርዙን እንይ፦ የተከፋፈለ ነው ወይስ ወጥ? ቀጥሎ ፍሬውን። አንዳንዱ ጥቃቅን ሳህን የመሰለ ፍሬ አለው፤ አንዳንዱ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ጥቁር ነጥቦች ብቻ፤ በለስላሳ ልጥ ላይ ደግሞ በብዕር የተጫረ የሚመስል አለ፤ ልጆች ይህን ሲያዩ «ማን ጻፈው?» ማለታቸው አይቀርም። ቀለም ብቻውን ያሳስታል፤ ሲረጥብና ሲደርቅ ይለያያልና። ባለሙያዎች ቅንጣት ላይ የበረኪና ጠብታ ያደርጋሉ፤ ወደ ቀይ የሚለወጥ አለ፣ ጨርሶ የማይለወጥም አለ። (በረኪናውን ወላጅ ይያዘው።)

አሁን ወደ ቋጥኙ እንመለስ። ኦስትሪያዊው ሮላንድ ቤሼል በ1950 እ.ኤ.አ. ይህን እድገት ለዘመን መቁጠሪያ አዋለው። አዲስ የተሰነጠቀ ድንጋይ ራቁቱን ነው። ቅርፊቱ ቆይቶ ይጀምርና እንደ ክብ እየሰፋ ይሄዳል፤ ብዙዎቹ በዓመት አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞሉም። ፍጥነቱ እንደ ዝናቡና እንደ ሙቀቱ ስለሚለያይ፣ የብርዱ አገር ቁጥር ለይፋት ቆላ አይሠራም። ስለዚህ በቅድሚያ ዕድሜው በሚታወቅ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ዓመተ ምሕረት በተቀረጸበት መቃብር ወይም በአሮጌ የድንጋይ ድልድይ ላይ፣ የዚያኑ ዓይነት ትልቁን ክብ ለክቶ ማወዳደር ያስፈልጋል። ዓይነቱን ሳይለዩ መለካት ግን ሕፃንንና ጎልማሳን በቁመት ብቻ እንደ ማወዳደር ነው።

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ በኩል ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ወጥቷል። በገደል ሥር ቤት የሚሠራ ሰው እንግዲህ ቀና ብሎ ይመልከት። ገደሉ በሙሉ ሸብቶ በመካከሉ ንጹሕ፣ ነጣ ያለ ፊት ከታየ፣ ከዚያ የተላቀቀ ድንጋይ አለ፤ የት እንዳረፈ ፈልጎ ማግኘት መሠረት ከመቆፈር ይቀድማል።