የቤርሼቫ መዳብ ከየት መጣ?

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ቤርሼቫ ውስጥ ኔቬ ኖይ በሚባለው ሰፈር ግንባታ ሊጀመር ሲል የእስራኤል የቅርሶች ባለሥልጣን ቦታውን ቀድሞ ቆፈረ። የወጣው ነገር ለዓይን የሚማርክ አልነበረም፤ ገል፣ የማቅለጫ ምድጃ ስባሪና ጥቁር የመዳብ ዝቃጭ ነው። ቁፋሮውን የመሩት ታሊያ አቡላፊያ ዕድሜውን ሲናገሩ ግን ነገሩ ተለወጠ፦ 6,500 ዓመት ገደማ።

ቤርሼቫ፣ የመጽሐፍ ቅዱሷ ቤርሳቤህ፣ የአብርሃም ጉድጓድ አገር ናት። ውኃ አላት፤ የመዳብ ማዕድን ግን የላትም። በ1950ዎቹ ፈረንሳዊው ዣን ፔሮ እዚያው አጠገብ አቡ ማታር ላይ ቆፍረው፣ በአፈር ውስጥ በተፈለፈሉ ቤቶች የኖሩ መዳብ አቅላጮች እንደነበሩ አሳይተዋል። ታዲያ ድንጋዩን ከየት አመጡት?

መልሱን የያዘችው በመዳቡ ውስጥ የተሸሸገች ጥቂት እርሳስ ናት። እርሳስ 4 የተረጉ አይሶቶፖች፣ ማለትም በክብደት ብቻ የሚለያዩ ዓይነቶች፣ አሉት። 204 ከጥንት የነበረው ነው። 206 እና 207 ከዩራኒየም፣ 208 ከቶሪየም ቀስ በቀስ ይጨመራሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ማዕድን ቦታ እንደ ዕድሜውና እንደ አለቱ የራሱ ምጣኔ ይኖረዋል። ድንጋዩን ብታቀልጠው፣ ብትቀጠቅጠው፣ ምጣኔው አይዛባም።

የኔቬ ኖይ ማዕድን ሲለካ ምልክቱ ወደ ፌይናን አመራ፤ ዛሬ ዮርዳኖስ ውስጥ ያለ ሸለቆ ነው፣ ከቤርሼቫ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፌይናንና ከኤላት በላይ ያለው ሌላው የመዳብ ቦታ ቲምና በጥንት ጎረቤት ስለነበሩ አሻራቸው ይመሳሰላል፤ የለያቸው የሙት ባሕር ስንጥቅ ነው፣ የእኛው ስምጥ ሸለቆ ዘመድ። ስለዚህ የእርሳሱ አሻራ ብቻውን ሁልጊዜ አይበቃም፤ የድንጋዩ ዓይነትና ኬሚስትሪም አብሮ ይታያል።

ጥናቱ በ2020 ሲታተም ከቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ኤሬዝ ቤን ዮሴፍ አንድ ጥያቄ አነሡ። በኋላ ዘመን ሰዎች ምድጃቸውን የሚተክሉት ከማዕድኑ አጠገብ ነው፤ እነዚህ ግን ድንጋዩን በረሃ አሻግረው አመጡ። ለምን? ጥበቡን በጥቂት ሰዎች እጅ ለማስቀረት ይመስላል፣ ይላሉ። እኔም ይህ ያሳምነኛል። ድንጋይ ማንም ይሸከመዋል፤ እሳቱ መቼ እንደሚበቃ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

እኛም ዘንድ ባለ እጅ ይፈለጋል፣ ይፈራልም። በጎንደር ገጠር የቤተ እስራኤል አንጥረኞች ማረሻውን ሲሠሩለት የኖሩት ገበሬ ማታ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው አንዳንዶቹ ዛሬ በዚችው ቤርሼቫ ይኖራሉ። እናንተ የአንጥረኞቹ ልጆች፣ አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ወናፉ እንዴት እንደሚነፋ፣ ከሰሉ ከምን እንጨት እንደሚከሰል ጠይቋቸውና ጻፉት፤ ይህን የሚለካ መሣሪያ የለም።