ስለ አዲስ መጋዘን አሠራርና ስለ አየር ጠባይ መለወጥ

ነጋዴ አዲስ መጋዘን ወይም ሱቅ ለመሥራት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ የሚመለከተው የቦታውን ዋጋና ለገበያ ያለውን ቅርበት ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በድንጋይና በሲሚንቶ የቆመ ሕንፃ ለልጅ የሚተርፍ ንብረት ስለሆነ፥ የሚሠራው እስከ ዛሬ ለታየው ዝናብና ሙቀት ብቻ ሳይሆን፥ ወደ ፊት ለሚመጣውም ጭምር ሊሆን ይገባዋል።

የአየር ጠባይ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2011 እስከ 2020 በነበሩት ዐሥር ዓመታት የምድር አማካይ ሙቀት፥ ከ1850 እስከ 1900 ከነበረው በ1.1 ዲግሪ ያህል በልጦ ተገኝቷል። አየርም ሙቀቱ አንድ ዲግሪ በጨመረ ቍጥር 7 በመቶ ያህል የሚበልጥ የውሃ ተን ለመያዝ ይችላል። ስለዚህ የዓመቱ ዝናብ በጠቅላላው ባይበዛ እንኳ፥ ባንድ ጊዜ የሚወርደው ዶፍ የበረታ ይሆናል ማለት ነው።

ዶፍ ምን እንደሚያደርስ የድሬዳዋ ነጋዴዎች ያውቁታል። በሐምሌ ወር መጨረሻ 1998 ዓ. ም. ሌሊት፥ በደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ወርዶ በከተማዪቱ ላይ ጐረፈ። ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎችም ቤታቸውንና ንብረታቸውን አጡ። ደቻቱ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፥ ሰውን የሚያዘናጋው ይኸው ደረቅነቱ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ የቦታ ምርጫ ነው። ቦታ የሚገዛ ሰው በበጋ ብቻ አይቶ ሊዋዋል አይገባውም። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ጠይቆ ውሃ የደረሰበትን ከፍታ ይረዳ፤ የመጋዘኑንም ወለል ከዚያ ምልክት በላይ በድንጋይ ያስነሣ። መሠረቱ ከግድግዳው ጋራ በሚገናኝበት ላይ እርጥበት የማያሳልፍ ንጣፍ ማስገባት፥ ግድግዳው ከመሬት ውሃ እንዳይስብ ይከላከላል።

ሁለተኛው ጣሪያው ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። ርዝመቱ 20፥ ወርዱ 10 ሜትር በሆነ መጋዘን ላይ 50 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 10,000 ሊትር፥ ማለትም ባለ 200 ሊትር 50 በርሜል ውሃ ይወርዳል። ይህ ሁሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊመጣ ስለሚችል፥ አሸንዳውና የመውረጃው ቱቦ ሰፋ ብለው ሊሠሩ ይገባል። በሁለት ጣሪያዎች መካከል በዕቃው አናት ላይ የሚያልፍ አሸንዳ ግን ቢቀር ይሻላል፤ ቅጠል በደፈነው ጊዜ ውሃው የሚፈሰው ወደ ውስጥ ነውና። የወረደውም ውሃ በቦይ ወደ ማጠራቀሚያ ጕድጓድ ይመራ እንጂ ወደ ጎረቤት ሱቅ አይለቀቅ።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ባዶ ቆርቆሮ ቀን ይግላል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ በአየሩ ያለው ተን ከሥሩ ጤዛ ሆኖ በጆንያው ላይ ይንጠባጠባል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ የሆነ ቡና ይሻግታል፤ ሲሚንቶም በከረጢቱ ውስጥ እንዳለ ይጠጥራል። ስለዚህ ከቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ ይደረግ፤ ቆርቆሮው ነጭ ቀለም ቢቀባ የፀሐይን ሙቀት ይመልሳል። በግድግዳው ታችና በጣሪያው ጫፍ የአየር መውጫና መግቢያ ይከፈት፤ ረጅሞቹ ግድግዳዎችም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞሩ የጧትና የማታ ፀሐይ አይበረታባቸውም። ዕቃው ደግሞ በእንጨት ርብራብ ላይ፥ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይደርደር።

እነዚህ ሁሉ በንድፍ ላይ ሳሉ የሚጨምሩት ወጪ ጥቂት ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግን ወለል ማስነሣት እንደ አዲስ መሥራት ያህል ነው። መድን የገባ ነጋዴ እንኳ የዕቃውን ዋጋ ቢያገኝ፥ በቀጠሮው ዕቃ ሳይደርሰው ቀርቶ ወደ ሌላ የሄደውን ደንበኛ አያገኝም። ስለዚህ ከመሐንዲሱ ጋራ ከመፈራረም በፊት፥ ውሃው ከየት እንደሚመጣና ወዴት እንደሚሄድ በንድፉ ላይ እንዲያሳይ መጠየቅ የአስተዋይ ነጋዴ ሥራ ነው።