የአማቷ ጠመንጃ ቤተሰብ ሊያጣላ

ለንደን የምትኖር አንዲት ጓደኛዬ በቀደም ደወለችና፣ «አንተ አሮጌ ዕቃ ታውቃለህ፣ እባክህ ናና ገላግለን» አለችኝ። ባሏ እንግሊዛዊ ነው። አባቱ ሲሞቱ ለሦስት ልጆቻቸው አንድ ባለ ሁለት አፈሙዝ የወፍ ማደኛ ጠመንጃ ትተው አለፉ። ሾትጋን የሚሉትን ማለቴ ነው። አንድ ጠመንጃ ለሦስት! ታላቅየው «የፐርዲ ሥራ ነው፣ አባታችን ነግሮኛል፣ ሸጠን እንካፈል» ይላል። እህትየው «የአባቴ ዕቃ ገበያ አይወጣም» ብላ አኩርፋለች። የጓደኛዬ ባል ደግሞ ከሁሉም በፊት አንድ ቀን ሊተኩስበት ቋምጧል።

እንግሊዝ አገር ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሾትጋን ለመያዝ የፖሊስ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ አይወረስም። የሟች ፈቃድ ከሟች ጋር ያልቃል፤ ስለዚህ ዕቃው ፈቃድ ያለው ነጋዴ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። እኛም እዚያው ሄድን።

ፐርዲ ሲባል የሰው ዓይን የሚበራው ወዶ አይደለም። ጄምስ ፐርዲ በ1814 ለንደን ላይ የከፈተው ቤት ለነገሥታት ጠመንጃ የሠራ ነው፤ ዋጋውም እንደ ስሙ ነው። ግን ስምን ማንም ይቀርጸዋል። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር! በዚያ ዘመን ከቤልጅየሟ ሊዬዥ የሚወጣ ርካሽ ጠመንጃ የታወቀ እንግሊዛዊ ስም የሚመስል ነገር እየተጻፈበት ይቸበቸብ ነበር። የበርሚንግሃሙ ዌስትሊ ሪቻርድስ ዝነኛ ነውና «ደብልዩ ሪቻርድስ» ብሎ መጻፍ ገበያ ያመጣል። የሊዬዥን ዕቃ የሚያጋልጠው ማህተሙ ነው፤ በሞላላ ክብ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ፊደላት አሉበት።

እውነተኛ ስም እንኳ ሠሪውን ላይነግራችሁ ይችላል። የትንሽ ከተማ ባለሱቅ ከበርሚንግሃም ጠመንጃ ያስመጣና የራሱን ስም ያስቀርጽበታል። አያቶቻችን ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አልቤን እያሉ ጠመንጃን በስሙ ይጠሩት ነበር። እንግሊዝ ላይ ግን ስም ብቻ ይዞ የሚገዛ ሰው ጉድ ይሆናል።

የኛው ጠመንጃ ላይማ ስሙም በመወልወል ብዛት ጠፍቷል። ነጋዴው ምንም ሳይናገር ቱቦዎቹን ከሰደፉ ነቅሎ ገለበጣቸው። ለካስ ወሬው ሁሉ ያለው ከሥር ነው! እንግሊዝ አገር አዲስ ቱቦ ከልኩ በላይ ባሩድ ተጭኖበት ይተኮስና ካልፈነዳ ማህተም ይመታበታል። ፈታኞቹ ሁለት ናቸው፤ የለንደኑ ማኅበር ቻርተሩን ያገኘው በ1637 ነው፣ የበርሚንግሃሙ ቤት በ1813 ተቋቋመ። የኛው ላይ ከዘውድ ሥር የተጣመሩ ሁለት በትሮች አሉ። ይህ የበርሚንግሃም ምልክት ነው፤ በ1904 ተቀይሯል። ፐርዲ የሚያስፈትነው ለንደን ነበርና የታላቅየው ፊት እዚያው ጠቆረ።

አጠገቡ «ኖት ፎር ቦል» የሚል አለ፤ ድቡልቡል ጥይት አይተኮስበትም ማለት ነው። አፉ ጠበብ ተደርጎ የተሠራ ቱቦ ነውና ድቡልቡሉ ቢሰነቀር ቱቦውን ይተረትረዋል። ይህ ጽሑፍ የተመታው ከ1875 እስከ 1887 ብቻ ነው። በቃ፣ ዕድሜው ተገኘ! አዲሱን ጭስ አልባ ባሩድ ይችላል የሚል «ናይትሮ» ማህተም ግን የለውም። የተፈተነው በጥቁር ባሩድ ብቻ ነው።

እኔን የማረከኝ የቱቦው ብረት ነበር። ደማስቆ ይሉታል። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው፣ ተጠምዝዘው፣ በእሳት ተቀጥቅጠው ቱቦ ይሆናሉ፤ ጉንጉኑም ላዩ ላይ ይታያል። ቆንጆ ነው፣ ግን ያረጃል። ነጋዴው ግድግዳውን ሲለካ በስሱ ቦታ ከግማሽ ሚሊሜትር በታች ሆነ። ከንፈሩን መጠጠ። ውስጡም ተቦርቡሮ በማህተሙ ከተመዘገበው ልክ አልፏል፤ እንዲህ ያለውን ለተኩስ ብሎ መሸጥ በ1868ቱ የፍተሻ ሕግ ያስጠይቃል። የሽያጩም ጨዋታ እዚያ ላይ አበቃ።

«አንዴ ብቻ ብተኩስስ?» አለ የጓደኛዬ ባል። የነጋዴው መልስ ሁለት ቀለህ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነበር። የድሮው ጠመንጃ ጎሬ 65 ሚሊሜትር ነው፤ የዛሬው ጥይት ብዙው 70 ነው። ሲገባ አፉ ታጥፎ ስለሚያጥር ሰተት ብሎ ይገባል። ሲተኮስ ግን እጥፋቱ ተዘርግቶ መንገዱን ያጠባል፣ ግፊቱም ያሻቅባል። ሳሳ ያለ ቱቦ ሲሆን ደግሞ ግራ እጁን ቱቦው ሥር ላደረገ ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። ጓደኛዬ ባሏን «ሰማህ?» ብላ በክርኗ ጎነጠችው።

እህትየው ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው ትፈልጋለች። ይቻላል፤ በሕጉ መሠረት እንዳይተኩስ ተደርጎ ምስክር ወረቀት ከተሰጠው እንደ ጌጥ ይቀመጣል። ግን ዋጋው ይወርዳል፣ ወደኋላም አይመለስም። ስለዚህ አስቀድማ ማህተሙንና ቁጥሩን ፎቶ ታንሳ ብያለሁ። ትልልቆቹ ቤቶች የድሮ መዝገባቸውን ስለያዙ ቁጥር ሲነገራቸው ለማን መቼ እንደተሸጠ ይፈልጋሉ። የባለሱቅ ስም የተረፈበት ደግሞ በየቤተ መጻሕፍቱ ያለው የድሮ የነጋዴዎች ማውጫ ውስጥ ይገኛል። ሱቁ በየትኛው ዓመት በየትኛው መንገድ ላይ እንደነበረ ስለሚያሳይ፣ ጠመንጃው ላይ የተቀረጸው አድራሻ ዘመኑን ያጠበዋል።