ደላላው ስለ ዲቲው ያልነገረህ

ለልዋጭ የቀረበልህ ባለ ሁለት ምት ሞተር ስትደርስ ሞቆ ከጠበቀህ ነጥብ ጥለሃል። ያረጀ ሞተር ጉዱ የሚታየው ጠዋት በብርዱ ነው። ፋሻው ያለቀ ፒስተን ሲቀዘቅዝ ፔዳሉን ደጋግሞ ያስረግጣል፤ ከሞቀ በኋላ ግን በአንዴ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዝ «ጠዋት እመጣለሁ፣ አታስነሱት» በል። እንደደረስክም መጀመሪያ እጅህን ሲሊንደሩ ላይ አሳርፍ።

ይህን የማንሾካሹክልህ ከፒያሳ ወደ መርካቶ በሚወርደው መንገድ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ፣ ከደላሎቹም ከመካኒኮቹም ጋር ስለምውል ነው። የገዢዎቹ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቦክሰሬን ሰጥቼ፣ ትንሽ ጨምሬ፣ ያማሃ ዲቲ 175 ልውሰድ?» ምኞቱ ይገባኛል። ዲቲው 66 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሲሊንደር ውስጥ 50 ሚሊ ሜትር የሚመላለስ አንድ ፒስተን አለው፤ መጠኑ 171 ሲሲ ነው። ባለ አራት ምቱ ቦክሰርህ ክራንኩ ሁለት ዙር ሲዞር አንዴ ያቃጥላል፤ ዲቲው በየዙሩ ያቃጥላል። ቴስታታው ላይ ቫልቭ የለውም፣ ቀላል ነው፣ ጭቃና ዳገት አያቆመውም። የግብርናና የጤና ሠራተኛው፣ የእርዳታ ድርጅቱም በዲቲ ገጠር ለገጠር የተንከራተተው ለዚህ ነው። ዛሬ እጅህ የሚገባውም አብዛኛው ከእነሱ ጨረታ የወጣ ነው። እንግዲህ ሠርቶ የደከመ እንጂ ቆሞ የኖረ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ብሩ። በልዋጭ ላይ ደላላው የሚያተርፈው ከኮሚሽኑ ብቻ አይደለም። ያንተን ሞተር ዋጋ ያወርዳል፣ የዚያኛውን ይሰቅላል፣ መሃሉን «ጭማሪ» ይለዋል። አንተ ደግሞ ስለ ጭማሪው ብቻ ትከራከራለህ። ለምሳሌ ከ20 ሺህ ወደ 15 ሺህ ስታስወርድ 5 ሺህ ብር ያተረፍክ ይመስልሃል፤ ከቦክሰርህ ላይ ግን ገና ሲጀመር 30 ሺህ ተቆርጦ ነበር። ይባስ ብሎ ሞተርህ አየር በአየር ተሸጦ ሊሆን ይችላል፤ ገዢው ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጦ ይጠብቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ልዋጭ የሚለውን ቃል ከአፍህ ሳታወጣ ቦክሰርህን በጥሬ ገንዘብ እንደሚሸጥ ሰው ለሁለት ሦስት ነጋዴ አሳይ። ዲቲውን ደግሞ አንድ ወዳጅህ በጥሬ ገንዘብ እንደሚገዛ ሆኖ ዋጋ ይጠይቅልህ። የሁለቱን ቁጥር ልዩነት ይዘህ ግባ፤ ከዚያ በላይ አንድ ብር አትጨምር። ድልድዩ የተሰየመላቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ በ1900 ዓ.ም. በምኒልክ የጦር ሚኒስትር ሆነው የተሾሙት፣ አባ መላ ይባሉ ነበር። እዚህ ቆሞ የሚገበያይም መላ ያስፈልገዋል።

ወረቀቱ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የድርጅት ሞተር ከቀረጥ ነጻ ገብቶ ከነበረ ቀረጡ ሳይከፈል ስም ማዞር አይቻልም። ስለዚህ ከሊብሬው ጋር የጨረታውን ደረሰኝና የጉምሩኩን ሰነድ ጠይቅ። «በውክልና እሰጥሃለሁ» የሚልህን አትስማ። ወካዩ ነገ ሊሽረው ይችላል፤ ቢሞት ደግሞ ውክልናው አብሮት ይቀራል፣ አንተ የሌላ ሰው ንብረት ላይ ተቀምጠህ ትገኛለህ። የሻንሲውን ቁጥር ከመሪው አንገት ላይ በጣትህ እየዳሰስክ ከሊብሬው ጋር አስተያይ፤ የተሞረደ ብረት ለጣት ይናገራል። ሌላም አለ፦ የከተማው አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በሞተር የሚፈጸም ዝርፊያን ምክንያት አድርጎ ልዩ ፈቃድ የሌላቸውን ሞተሮች ከአዲስ አበባ መንገድ አግዷል። ፈቃድህ የተሰጠው ለቦክሰርህ ከሆነ ወደ ዲቲው ይዞርልህ እንደሆነ ራስህ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ጠይቅ፤ በደላላ ቃል አትሂድ።

አሁን ወደ ብረቱ። በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ገዢው የማያውቀው፣ ሻጩም እንዳይታይ የሚፈልገው አንድ መስኮት አለ፤ እሱም የጭስ መውጫው ነው። ማርሚታውን ከሲሊንደሩ አንገት አስፈታ። ሻጩ እንቢ ካለ መልስህን ሰጥቶሃል። በስልክህ መብራት ወደ ቀዳዳው ተመልከት፤ ሌላ ሰው ፔዳሉን በእጁ ቀስ እያደረገ ይጫን። ፒስተኑ ፊት ለፊትህ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጎኑ አመድማና ለስላሳ ሆኖ የፋብሪካው ቀጫጭን አግድም መስመሮች ከታዩህ ደስ ይበልህ። ከላይ ወደ ታች የተጫረ ከሆነ ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ የተላቀቀ ነው። ከፋሻው በታች ያለው ጎኑ ከጠቆረ ደግሞ እሳቱ በፋሻው በኩል እያለፈ ነው። ቴስታታውን ለማስከፈት ከፈቀዱልህ የፒስተኑን አናት ጠርገህ ቁጥር ፈልግ፦ 0.25፣ 0.50፣ 0.75 ወይም 1.00። ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ገብቶ ምን ያህል እንደሰፋ የሚነግርህ ይህ ነው። 1.00 ካነበብክ የሚቀጥለው እርምጃ አዲስ ካሚቻ ወይም አዲስ ሲሊንደር ነው፤ ሂሳቡን ከዋጋው ላይ ቀንስ።

ጭሱ ራሱ አያስደንግጥህ፤ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር የሚያቃጥል ሞተር ያጨሳል። የሚያስደነግጠው የካምቢዮ ዘይት የሚሸት ወፍራም ጭስ ነው። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደው ጎማ) ሲያልቅ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት ይስባል፤ ሻጩ ጠዋት ሞልቶት ስለሚመጣ ልኩን ከመንዳትህ በፊትም በኋላም እይ። በሌላው ጎን ያለው ሲያልቅ ደግሞ አየር ይገባል፤ ነዳጁን ስትለቅ ሞተሩ ቶሎ አይወርድም፣ እየጮኸ ይቆያል።

የዘይቱ ፓምፕ መኖሩንም አረጋግጥ። ያማሃ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘይቱን ለብቻው በፓምፕ የሚያቀብል አሠራር አለው። ብዙ መካኒክ ግን ፓምፑ ሲያስቸግረው ነቅሎ ይጥለውና «እየቀላቀልክ ንዳ» ይላል። አንድ ለሃምሳ ከሆነ ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው፤ ይህ ለከተማ ይበቃል። አደጋው ረጅም ቁልቁለት ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ነዳጁን ዘግተህ ሞተሩን እንደ ፍሬን ትጠቀማለህ፤ ቤንዚኑ ሲቆም አብሮት የሚመጣው ዘይትም ይቆማል፣ ፒስተኑ በደረቁ ይመላለሳል። የተጫረ ፒስተን ስታይ «ጎጃም ነው የሠራው?» ብለህ ጠይቅ።

ከሁሉ በላይ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት የከፍታው ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይንቀራፈፋል። መካኒኩ የካርቡሬተሩን የቤንዚን ቀዳዳ በጠበበ ይለውጠዋል፤ ሞተሩ ፒያሳ ላይ ይበርራል፣ አንተም በድምፁ ትማረካለህ። ያንኑ ሞተር 1,000 ሜትር አካባቢ ላይ ወዳለችው አዋሽ ይዘኸው ስትወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፣ ፒስተኑ ይግላል፣ ይጣበቃል። ስለዚህ የተነቀለው ቀዳዳ የት እንዳለ ጠይቅና አብረህ ተቀበል። ለቆላ ጉዞ ያስፈልግሃል።

ከ175 በላይ የሆነ፣ እንደ ሆንዳ ሲአር 500 ያለ የውድድር ሞተር ካቀረቡልህ ነገሩ አጭር ነው። ያ ሞተር መብራት ሳይኖረው ለሜዳ የተሠራ ነው፤ ሆንዳም በ2001 እ.ኤ.አ. ማምረቱን አቁሟል። ታርጋና ሊብሬ ከሌለው ልዋጭ አይደለም፣ ስጦታ ቢሆን እንኳ አስብበት።

የኔ ፍርድ ይኸውልህ። ሥራህ አዲስ አበባ ውስጥ ከሆነ ቦክሰርህን አትንካው። ወደ ገጠር የምትወጣ ከሆነ፣ ሊብሬው በሻጩ ስም፣ ፓምፑ በቦታው፣ ፒስተኑ ከ0.50 ያልበለጠና ያልተጫረ ሆኖ ካገኘኸው ዲቲውን ውሰደው፤ ብዙ ዓመት ያገለግልሃል። ማርሚታው ሳይፈታ ግን ለማንም ቁልፍህን አታስረክብ።