ከቤቱ በፊት መንገዱን ይዩ

ለሥራ ከሐዋሳ ወይም ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የሚገባ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ኪራይ ነው። ደላላውም እሁድ ከሰዓት፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ቱሉ ዲምቱ ወስዶ ሰፊ ኮንዶሚኒየም ያሳያል። ቢሮዎ ሜክሲኮ ከሆነ ግን ከመፈራረምዎ በፊት ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከዚያው ሰፈር ታክሲ ተሰልፈው ይሞክሩት። ከኪራዩ የተረፈው ብር በትራንስፖርትና በልጆች እንቅልፍ ይከፈላል። አያት ቢያንስ በሜክሲኮ የሚያልፈው ባቡር አለ፤ ግፊያውን ከቻሉት።

ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ደላላውን ሳይሆን ጎረቤት ይጠይቁ፤ ሊፍት በሌለው 4ኛ ፎቅ ጀሪካን በትከሻ ነው የሚወጣው። አከራዩ የ6 ወር ቅድሚያ ካሉ፣ በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ከ2 ወር በላይ እንደማይፈቅድ በትሕትና ያስታውሷቸው።