ግራፍም ያስቃል፤ ከካዛንቺስ ታክሲ እስከ ዌብኮሚክ

ካዛንቺስ ሁለት ዓይነት ቆጠራ ጎን ለጎን የሚኖርበት ሰፈር ነው። አንደኛው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በ1950 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የአህጉሩን ንግድ፣ ዕዳና የሕዝብ ብዛት ሲቆጥር፣ የቆጠረውንም በመስመርና በዐምድ ግራፍ ሲያሳትም ኖሯል። ሁለተኛው ቆጠራ ከግቢው አጥር ውጭ፣ ታክሲ መያዣው ላይ ነው። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» ይላል። ይኸም ቁጥር ነው። ልዩነቱ፣ ይህን ቁጥር በግራፍ የሚያስቀምጠው ሪፖርት አለመኖሩ ነው።

የመጀመሪያውን ቆጠራ መሣሪያ ወስደን ሁለተኛው ላይ ብናውለው ሣቅ ይወለዳል። በኢንተርኔት የካርቱን ዓለም ውስጥ ራሱን ችሎ የቆመ አንድ የቀልድ ዘርፍ የተሠራው በዚህች ሐሳብ ላይ ነው። ዘርፉ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ደግሞ ከመሣቅ ያለፈ ጥቅም አለው።

ዌብኮሚክ የሚባለው በጋዜጣ ወይም በመጽሐፍ ሳይሆን በቀጥታ በኢንተርኔት የሚወጣ፣ በሥዕልና በአጭር ጽሑፍ የሚነገር ቀልድ ወይም ታሪክ ነው። አብዛኛው ዌብኮሚክ ገጸ ባሕርያት አሉት፤ ይነጋገራሉ፣ ይጣላሉ፣ ይዋደዳሉ። አሁን የምናወራበት ዘርፍ ግን ብዙውን ጊዜ ሰው የሚባል የለበትም። ሁለት ዘንግ፣ አንድ መስመር፣ ከአምስት እስከ አሥር የሚሆኑ ቃላት፤ አለቀ።

በዚህ ሥራ ከሚታወቁት አንዱ አሜሪካዊው ራንዳል መንሮ ነው። ፊዚክስ ተምሮ በናሳ ላንግሊ የምርምር ማዕከል ሮቦት ላይ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በተማሪነቱ ደብተሮች ላይ የጫጫራቸውን ሥዕሎች ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ጀመረ፤ «ኤክስኬሲዲ» የተባለው ዌብኮሚክ እንዲህ ተወለደ። ከሥራዎቹ በአንዱ የአንዲት ሙሽራ ግራፍ አለ። ትናንት ባል አልነበራትም፤ ዛሬ አንድ አላት። ሁለቱን ነጥቦች በመስመር ያገናኝና መስመሩን ወደፊት ይስበዋል። በስሌቱ መሠረት በሚቀጥለው ወር ማለቂያ ላይ ሙሽራዋ ከአርባ ስምንት የሚበልጡ ባሎች ይኖሯታል። ሂሳቡ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ሁለት ነጥብ ብቻ ይዞ የወደፊቱን መተንበይ ነው።

ሌላዋ አሜሪካዊት ጄሲካ ሄጊ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 «ኢንዴክስድ» የተሰኘ ሥራዋን ስትጀምር የተጠቀመችው ማስታወሻ በሚያዝባቸው ትንንሽ ካርዶች ነው። በአንድ ካርድ ላይ አንድ ግራፍ ትሥላለች፤ ጉዳዩም ፍቅር፣ ሥራ፣ ገንዘብ ወይም ብቸኝነት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሥዕላቸው ያልተወለወለ፣ በእጅ የተሣለ ነው። ይህም ሥዕል አልችልም ብሎ ከዳር ለሚቆም ሰው በሩን ይከፍትለታል።

ግራፍ ለምን ያስቃል? ግራፍ ባየን ቁጥር አንድ ሰው ተቀምጦ እንደለካ፣ እንደመዘገበ፣ እንዳጣራ እናምናለን። ይህ እምነት በቀላሉ የመጣ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር የአገሩን ንግድ በመስመርና በዐምድ ግራፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1786 ነው፤ እኛ ያኔ ዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበርን። ክብ ግራፍንም እሱው በ1801 አመጣ። እንግሊዛዊው ጆን ቬን የተደራረቡ ክቦቹን በ1880 አስተዋወቀ። ከዚያ ወዲህ ግራፍ ከሚኒስቴር እስከ ባንክ፣ ከሆስፒታል እስከ ትምህርት ቤት የቁም ነገር ልብስ ሆኖ ቆየ። ቀልደኛው ያንን ልብስ ማንም ለክቶት ለማያውቅ ነገር ያለብሰዋል፤ ለይሉኝታ፣ ለቀጠሮ ማርፈድ፣ ለአክስት ግብዣ።

ሁለተኛው ምክንያት ሣቁን የሚጨርሰው አንባቢው ራሱ መሆኑ ነው። ዘንጎቹን ያነባል፣ መስመሩን ይከተላል፣ ከዚያ ትርጉሙን ራሱ ይደርስበታል። ሌላ ሰው ከነገረው ቀልድ ይልቅ ራሱ ያገኘው ያስቀዋል።

እንዲህ ያለው አነባበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአርባ አራት ሣጥኖች ከፋፍሎ የሚያሳየው ባህላዊ ሥዕል ዓይንን ከሣጥን ወደ ሣጥን ይመራል። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘመንን በሠንጠረዥ ያሰላሉ። በቅርብ ጊዜም ብስራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተባለውን የጀግና ታሪክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም በዲጂታል አውጥቷል። የኮሚክ ሣጥንና የአማርኛ ፊደል ተስማምተው እንደሚኖሩ አይተናል። ቀጣዩ እርምጃ ግራፉን ወደ ሣጥኑ ማስገባት ነው።

እስቲ ከታክሲው እንጀምርና አንድ ግራፍ ደረጃ በደረጃ እንሥራ። አግድም ዘንጉ ታክሲው ከቆመ ያለፈው ደቂቃ ይሁን፤ ቋሚው ዘንግ የባዶ ወንበሮች ቁጥር። ሁለት መስመር እናሠምራለን። ቀዩ በእውነት ያሉትን ባዶ ወንበሮች ያሳያል፤ ሰማያዊው ረዳቱ የሚናገረውን። ሰባት ወንበር ባዶ እያለ ረዳቱ «አንድ ሰው!» ይላል። አምስት ሲቀር «አንድ ሰው!» ይላል። ሦስት ሲቀርም ያው ነው። ስለዚህ ሰማያዊው መስመር አንድ ቁጥር ላይ ተጋድሞ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፤ ቀዩ ደግሞ እንደ ደረጃ እየወረደ ይመጣል። አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። እዚያች ነጥብ ላይ ትንሽ ቀስት አድርገን «እውነት የተነገረባት ደቂቃ» ብለን እንጽፋለን።

ብዙ ሰው እዚህ ያቆማል። ጥሩ ቀልደኛ ግን መስመሩን ይከተላል፤ ታክሲው ሞልቶም አይሄድማ። ቀዩ መስመር ዜሮን አልፎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲቀነስ አንድ፣ ሲቀነስ ሁለት። ከዜሮ በታች ላለው ቦታ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የሚል ስያሜ እንሰጠዋለን። ሰማያዊው አሁንም አንድ ላይ ነው። ሣቁ ያለው እዚህ ነው። አሉታዊ ቁጥርን ክፍል ውስጥ ለመረዳት የተቸገረ ልጅ እንኳ ሲቀነስ ሁለት ወንበር ምን እንደሆነ ጉልበቱ ያውቀዋል።

ከዚህ ሥራ ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ «ረዳት ይዋሻል» ብለን የትም አልጻፍንም፤ የተናገሩት መስመሮቹ ናቸው። ሁለተኛ፣ ቀዩን መስመር እንደ ተዳፋት ሳይሆን እንደ ደረጃ የሣልነው ሰው አንድም ሁለትም ሆኖ ስለሚሳፈር ነው፤ ትክክለኛነቱ የቀልዱ አካል ነው። ሦስተኛ፣ ረዳቱን አላዋረድነውም። እሱ ጥሪውን የሚጠራው እንጀራው ስለሆነ ነው፤ ተሳፋሪውም ቶሎ እንዲሞላ ይፈልጋል። ያስቀን ሁላችንም አብረን የምንጫወተው ጨዋታ ነው።

እያንዳንዱ የሥዕል ዓይነት የራሱ የሆነ ቀልድ አለው። የመስመር ግራፍ የሚለወጥንና የማይለወጥን ነገር ለማነጻጸር ይመቻል። ፍሎው ቻርት፣ ማለትም «አዎ ከሆነ ወዲህ፣ አይደለም ከሆነ ወዲያ» እያለ በቀስት የሚመራው ሥዕል፣ ምርጫ ያለ መስሎ ምርጫ የሌለበትን ነገር ያሳያል። ለዚህ ከአክስት ቤት ግብዣ የተሻለ ርእስ አይገኝም። መነሻው ላይ «ርቦሃል?» የሚል ሣጥን አለ። «አዎ» የሚለው ቀስት «ብላ» ወደሚል ሣጥን ይሄዳል። «አይ፣ ጠግቤያለሁ» የሚለው «በሞቴ!» በምትል ትንሽ ሣጥን አልፎ «ብላ» ላይ ይደርሳል። «በልቼ ነው የመጣሁት» የሚለው «ቤቴን ንቀህ ነው?» በሚለው በኩል ወደ «ብላ» ይመለሳል። «ጾም ነኝ» የሚለው «የጾምም አለ» ብሎ እዚያው ይገባል። አንድ ብቻ መውጫ አለ፤ ቡና። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በተራ ይሰለፋሉ። ከበረካ በኋላ ወደ በሩ የሚያመራው ቀስት ግን «ውይ፣ እራት ደረሰ እኮ» በሚል ሣጥን ተጠምዝዞ ተመልሶ «ብላ» ላይ ያርፋል። ይህን ሥዕል ያየ ሁሉ የራሱን አክስት ያስታውሳል፤ በፍቅር ነው የሚስቀው።

ዐምድ ግራፍ መጠንን ያወዳድራል። እዚህ ላይ የራሳችን የዘመን አቆጣጠር ትልቅ ሀብት ነው። ኢትዮጵያን ለቱሪስት ያስተዋወቀው «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» የሚለው መፈክር ከቱሪዝም ባለሙያው ከሀብተሥላሴ ታፈሰ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። የወር ደመወዝተኛ ግን የሚከፈለው አሥራ ሁለት ጊዜ ነው። ስለዚህ አሥራ ሦስት የወጪ ዐምዶች፣ አሥራ ሁለት የገቢ ዐምዶች እንሣል። ጳጉሜ ላይ የገቢው ቦታ ባዶ ይሆናል፤ የወጪው ዐምድ ደግሞ በአምስት ቀን ውስጥ የበዓል በግ ስላለበት ከሁሉም በልጦ ይቆማል። ከሥሩ ምንም መጻፍ አያስፈልግም።

የቬን ክቦች ደግሞ አብረው የማይገኙ ነገሮችን ይወዳሉ። «ሰፊ»፣ «ርካሽ»፣ «ለታክሲ ቅርብ» ብለን ሦስት ክቦች እናደራርብ። መሐል ላይ፣ ሦስቱ በሚገናኙበት ጠባብ ቦታ፣ የደላላውን ቃል እንጻፍ፦ «ትናንት ተያዘ»።

ካርታን ለብቻው ላንሣው፤ ካዛንቺስን ያለ ካርታ ማውራት አይቻልምና። ሶል ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1976 ለ«ኒው ዮርከር» መጽሔት ሽፋን የሠራው ሥዕል ዓለምን ከኒው ዮርክ ዘጠነኛ ጎዳና ያሳያል። ጎዳናው ሰፊ ነው፣ ሕንፃዎቹ በዝርዝር ተሥለዋል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው አሜሪካ ግን አንድ መዳፍ መሬት ነው፤ ከሱ ወዲያ ቻይናና ጃፓን ከአድማስ ላይ ጠብ ብለዋል። ሰው ሰፈሩን የዓለም መሐል አድርጎ እንደሚያይ በአንድ ገጽ ነገረን።

የካዛንቺስ ልጅ ካርታ ምን ይመስላል? መናኸሪያውና ዑራኤል ግዙፍ ይሆናሉ፤ ቦሌ ጠባብ ይሆናል፤ ሲኤምሲ ከአድማስ ባሻገር ይርቃል። ግን ሌላም ነገር አለ። በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ አሮጌዎቹ ቤቶች ፈረሱ፣ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ፤ የተወዛዋዡ መላኩ በላይ ፈንዲቃ የባህል ማዕከልም ከለመድነው ቦታ ተነሣ። ሰው ግን ዛሬም አቅጣጫ የሚያሳየው በነበረው ነው፤ «ፈንዲቃ የነበረበት ጋ»፣ «ከድሮው ግሮሰሪ ዝቅ ብለህ»። ስለዚህ በካርታችን ላይ አሁን ያለውን በሙሉ መስመር፣ የፈረሰውን በነጠብጣብ እንሥራ። ከዚያ አንድ የካዛንቺስ ሰው ለእንግዳ የሚሰጠውን አቅጣጫ በቀስት እንከተል። ቀስቱ ከነጠብጣብ ወደ ነጠብጣብ ይዘላል፤ ሙሉውን መስመር አንድም ጊዜ አይነካውም። እንግዳው ይጠፋል፣ አገሬው ግን በቀጥታ ይደርሳል። ይህ ካርታ ያስቃል፤ ሰው ሰፈሩን ምን ያህል በልቡ እንደሚይዝም ያስተምራል። የዘርፉ ከፍተኛ ደረጃ ለእኔ ይህ ነው፦ ሣቁ ሲያልፍ የሚቀር እውቀት።

ለመጀመር ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል፤ ሥዕሉን በስልክ አንሥቶ በቴሌግራም መልቀቅ ይቻላል። ጥቂት ምክር ግን ልጨምር። ከሐሳብ በፊት ትዝብት ይቅደም፤ ግራፉ የሚያስቀው እውነት ሲሆን ብቻ ነው። በአንድ ሥዕል አንድ ነገር ብቻ ይነገር። ዘንጎቹ ላይ ሰው በአፉ የሚለውን ቃል ጻፉ፤ «የተሳፋሪ መጠን» ከማለት «የቀረ ወንበር» ይሻላል። የሰዓት ዘንጋችሁ ከጧቱ 12 ሰዓት ይጀምር፤ አንባቢያችሁ የሚኖረው በዚያ ሰዓት ነው። የሣላችሁትን ለአንድ ሰው አሳዩና ዝም በሉ፤ ማስረዳት ካስፈለጋችሁ መስመሩን እንደገና ሥሩት።

ይህን ልምምድ አጥብቄ የምመክረው ለቀልዱ ብቻ አይደለም። በግራፍ መቀለድ የሚችል ሰው በግራፍ አይታለልም። ለምሳሌ 96 እና 98 የሚሉ ሁለት ዐምዶች ብዙም አይለያዩም፤ ቋሚውን ዘንግ ከ94 አስጀምሩት፣ ሁለተኛው ዐምድ የመጀመሪያውን እጥፍ ሆኖ ይታያል። ቁጥሩ አልተነካም፣ ዓይናችን ግን ተሸወደ። የሙሽራዋን ግራፍ ያየ ሰው በሁለት ወር ትርፍ የአሥር ዓመት ሀብት የሚተነብይለትን ማስታወቂያ አያምንም። ዕቅድ፣ ምርጫ፣ ዋጋ፣ ጤና ሁሉ በግራፍ በሚቀርብልን ዘመን ይህ ተራ ችሎታ አይደለም። እንግዲህ ግራፍ በቀረበላችሁ ቁጥር፣ ለቀልድም ይሁን ለቁም ነገር፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት፦ ዘንጎቹ የሚለኩት ምንን ነው? ከየት ይጀምራሉ? መስመሩ የተሠመረውስ በስንት ነጥብ ላይ ቆሞ ነው?